ከባትላሜራ ቤት የቀሩልኝ ነገሮች

የተሰረጎደ ላሜራ መሃሉ አይመታም። ለሙያው አዲስ የሆነ ሰው ጥልቁን ቦታ ከጀርባ ይነርተዋል። እኔ ቀድሜ የማየው በስርጉዱ ዙሪያ የተነሳውን ጉብታ ነው፤ ብረቱን ወጥሮ የያዘው እሱ ነው። ከጀርባ ብረት ደግፌ ጉብታውን ከላይ በቀላሉ እየመታሁ ሳወርደው መሃሉ ብዙውን መንገድ በራሱ ይመጣል። መሃሉ ከተነረተ ግን ላሜራው ይለጠጣል፤ ሲጫኑት ወደ ውስጥ፣ ሲለቁት ወደ ውጭ "ጧ" የሚል በር የዚህ ውጤት ነው። የተለጠጠውን ለመሰብሰብ ቦታውን በእሳት አግሎ በእርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል፤ ትንሽ ከበዛ ሌላ ጣጣ ነው።

ለስላሳ ስርጉድ ፊት ለፊት ሲያዩት አይታይም። ከጎን ጎንበስ ብሎ፣ የመብራት ምሰሶ ምስሉ በሩ ላይ እንዴት እንዳረፈ ማየት ነው። የምሰሶው ምስል ከተወላገደ ላሜራውም ተወላግዷል። ከዚያ መዳፍ ይፈትሸዋል።

ስቱኮ ይሞላል እንጂ አያቃናም። ወፍሮ ከተለሰነ ንዝረትና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ይሰነጠቃል። ያገለገለ መኪና የምትገዙ ሰዎች ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሂዱ፤ አልይዝ ያለበት ቦታ ስቱኮ በዝቶበት ይሆናል። (የአሉሚኒየም ኮፈን ያላቸው መኪኖችም አሉና ከሻጩ ጋር ለጠብ አትቸኩሉ።)

ፋብሪካ ራሱ ሆን ብሎ ይሰረጉዳል። ጠፍጣፋ ስስ ላሜራ በአውራ ጣት ይረግባል፤ ጎድጎድ ያለ መስመር ሲወጣለት ይጠነክራል። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሠሩት ባለ 20 ሊትር የብረት ጀሪካን ጎኑ ላይ ያለው የመስቀለኛ ጎድጓዳ መስመር ለጌጥ አይደለም። በር ላይ የሚሄደው መስመርም እንደዚያው ነው። ስለዚህ መስመሩ ላይ ያረፈች የጣት ጫፍ የምታህል ግጭት ሜዳው ላይ ካለ ሰፊ ስርጉድ የበለጠ ታለፋለች። ዋጋ ስንነጋገር ይህን የሚያምነኝ ደንበኛ እስካሁን ብዙም አልገጠመኝም።

"የድሮ መኪና ብረት ነበር፣ የአሁኑ ወረቀት ነው" የሚሉም አሉ፤ ጫፉ የሚጨራመተው ግን ሆን ተብሎ ነው። የመርሰዲስ መሐንዲስ የነበረው ቤላ ባሬኒ ያሰበው፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ገበያ በወጣ መኪና ላይ የታየው ሐሳብ፣ የመኪናው ጫፍ እየተጨራመተ የግጭቱን ጉልበት እንዲውጥና ተሳፋሪው ያለበት ክፍል እንዲተርፍ ነው። ለዚህ የተሠራ የፊት ብረት አንዴ ከተጨማደደ ይቀየራል እንጂ አላቃናውም። ደንበኛው ተናዶ ይሄዳል፤ ከመንገዱ ማዶ በግማሽ ዋጋ የሚያቃናለት አያጣም።