ቀይ ለባሾቹ

ኦሪገን፣ ፖርትላንድ የደረስኩት በኬንያ በኩል ነው። ሞያሌን ተሻግረን ናይሮቢ በስደት ከቆየን በኋላ፣ አሜሪካ በ1980 ባወጣችው የስደተኞች ሕግ መሠረት ከተወሰዱት መካከል ነበርኩ (ዓመቶቹንና ወራቱን ሁሉ እዚህ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። መሀል ከተማ ባለ አንድ ሆቴል ሰሃን አጥብ ነበር። መንገድ ላይ የማያቸው ሰዎች ግራ አጋቡኝ፤ ከራስ እስከ እግራቸው ቀይ፣ ብርቱካናማ ወይም ወይን ጠጅ የለበሱ፣ አንገታቸው ላይ የእንጨት መቁጠሪያ ያጠለቁ፣ ከመቁጠሪያው ጫፍ የአንድ ጺማም ሰው ፎቶግራፍ ያንጠለጠሉ።

ያደግሁት ነጌሌ ቦረና ነው። ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚጓዙ ተሳላሚዎች ጫፉ ባላ የሆነ በትራቸውን ይዘው፣ እያዜሙ ሲያልፉ እያየሁ ነው ያደግሁት። ስለ እምነቱ ብሎ ቤቱን ጥሎ የሚወጣ ሰው አያስደነግጠኝም። እነዚህ ግን ሐኪሞች፣ ጠበቆች፣ መሐንዲሶች ነበሩ። ከእኛ አገር ሰው ነፍሱን ለማትረፍ ወደ እነሱ አገር ይሰደዳል፤ እነሱ ደግሞ የጎደላቸው ነገር ምን ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።

ጺማሙ ሰው ብሃግዋን ሽሪ ራጅኒሽ ይባላል። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ኦሾ በሚለው የመጨረሻ ስሙ ነው። በ1931 ህንድ፣ ማድያ ፕራዴሽ ተወልዶ ጃባልፑር ውስጥ ፍልስፍና ያስተምር ነበር። በ1970 ያመጣው ሜዲቴሽን ዓይን ጨፍኖ ቁጭ ከማለት የራቀ ነው፤ መጀመሪያ በኃይል መተንፈስ፣ ቀጥሎ መጮህና ማልቀስ፣ ከዚያ እጅን ወደ ላይ ዘርግቶ መዝለል፣ ከዚያ በድንገት ቀጥ ብሎ መቆም፣ በመጨረሻ ጭፈራ። እዚያው ህንድ፣ ፑኔ ከተማ ወዳቋቋመው አሽራም (የመንፈሳዊ ማኅበር መኖሪያ) አውሮፓውያንና አሜሪካውያን ጎረፉ። በ1981 እሱ ራሱ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ተከታዮቹም ኦሪገን ውስጥ ከ64 ሺህ ኤከር በላይ የከብት እርባታ መሬት ገዙ።

በ1984 ክረምት አብራኝ የምትሠራ ሴት ጋበዘችኝና ወደዚያ እርሻ ሄድኩ። አገሩን ሳይ ደነገጥኩ። ደረቅ ኮረብታ፣ ከብት የጨረሰው ሣር፣ እዚህም እዚያም ጥድ፤ የነጌሌ አካባቢ ወደሆነው ሊበን የተመለስኩ መሰለኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ግድብ ገድበው፣ ጎርፍ የቦረቦረውን መሬት ክትር ሠርተው፣ አትክልት አብቅለውበታል። የቆላ ልጅ ነኝና በረሃ ውስጥ ውሃ ያቆመን ሰው በቀላሉ አልንቅም። ያ ሥራ የእውነት ሥራ ነበር፤ ዛሬም እመሰክራለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሥራውን ጥሎ መንገድ ዳር ተሰለፈ። ሄሊኮፕተር ከላይ ያንዣብባል፣ መሣሪያ የያዙ ጠባቂዎች ይከተላሉ፣ መካከል ላይ ሮልስ ሮይስ በቀስታ ይመጣል። ሰዉ እጁን አጋጥሞ ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ ይዘፍናል። ውስጥ ያለው ሰው ፈገግ ብሎ አለፈ። በአደባባይ መናገር ካቆመ ሦስት ዓመት አልፎታል። የሮልስ ሮይሶቹ ቁጥር በመጨረሻ 93 ደርሷል። የጋበዘችኝ ሴት ፊቷ በእንባ ርሷል፤ ደስታዋ አስመሳይ አልነበረም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። ቦረና ውስጥ አባ ገዳ ሥልጣን የሚይዘው ለስምንት ዓመት ነው፤ ጉሚ ጋዮ በሚባለው ጉባኤ ላይ ሕዝብ ፊት ሥራው ይመረመራል፤ ጊዜው ሲያልቅ ያስረክባል። እዚያ መንገድ ዳር ቆሜ፣ ይህን ሰው ማን ይጠይቀዋል ብዬ አሰብኩ።

መልሱን ለማየት ብዙ አልጠበቅሁም። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ቤት የሌላቸው ድሆች ከመላው አሜሪካ በአውቶቡስ እየተጫኑ ወደ እርሻው መጡ። ምግብ፣ መኝታ፣ ቢራ በነፃ። ሥራውን የምትመራው የጉሩው ጸሐፊ ማ አናንድ ሺላ በጎ አድራጎት ነው አለች፤ ሕዳር ላይ ግን እርሻው ያለበት የዋስኮ አውራጃ ምርጫ ነበር፤ በሺዎች የሚቆጠሩት እንግዶች ደግሞ ድምፅ ናቸው። የአውራጃው ሹም የመራጮች ምዝገባውን ሲያጠብቅ ድሆቹ ጥቅማቸው አለቀ። አውቶቡሶቹ በየከተማው አራገፏቸው።

ከነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ፖርትላንድ ነው የተጣሉት። ማታ ማታ አንድ የሾርባ ቤት አግዝ ስለነበር አየኋቸው። ብርድ ገብቷል፤ አንዳንዶቹ ገና የተሰጣቸውን ቀይ ሹራብ እንደለበሱ ነበር። ቬትናም የዘመተ አንድ ጥቁር ሰው ሾርባውን ይዞ፣ ሰው በስሙ ጠርቶ «ወንድሜ» ያለው እዚያ እርሻ ላይ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ስድብም እርግማንም አልወጣውም። መልሰው ይወስዱኝ ይሆን ብሎ ጠየቀኝ። ምን እንደምመልስለት አጣሁ፤ ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እነዚያ ሰዎች ከሚጠጡት ቢራ ውስጥ ማደንዘዣ መድኃኒት ይጨመር እንደነበር የማኅበሩ አባላት ራሳቸው በኋላ መስክረዋል።

ከምርጫው በፊት፣ በዚያው አውራጃ ዘ ዳልስ በምትባለው ከተማ 751 ሰው በምግብ መመረዝ ታመመ። የሺላ ሰዎች መራጩ ሕዝብ በምርጫው ቀን ከቤት እንዳይወጣ ለማድረግ ሲሞክሩ፣ በአሥር ምግብ ቤቶች ሰላጣ ላይ የሳልሞኔላ ጀርም አድርገው ነበር። ሰው አልሞተም፤ እግዚአብሔር አተረፋቸው። በ1985 ሺላ አገር ጥላ ሸሸች፤ ጉሩው አፉን ከፍቶ ወንጀሉን ሁሉ በእሷ ላይ አደረገ። እሷ ተይዛ ታሰረች። እሱ በምግብ መመረዙ ጉዳይ አልተከሰሰም፤ በኢሚግሬሽን ጥፋት 400 ሺህ ዶላር ተቀጥቶ ከአሜሪካ ወጣ። በጥር 1990 ፑኔ ውስጥ አረፈ።

ከዓመታት በኋላ ነጌሌ ስመለስ፣ የኦሾ መጻሕፍት በአማርኛ ተተርጉመው ጠበቁኝ። የባጃጅ ሾፌሮች፣ አንድ ነርስ፣ ሥራ ያላገኙ ምሩቃን በየሳምንቱ እየተገናኙ ያነባሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ። ወላጆች ተቆጥተዋል፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ውስጥ ተወርቷል። እኔ ልጆቹን መቆጣት አልፈለግሁም። አንደኛው ሾፌር ጫት ትቶ እንቅልፍ ያገኘው ከዚህ ወዲህ መሆኑን ሲነግረኝ አመንኩት። ከዚያ ግን ስለ ሾርባ ቤቱ ሰው ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ያ የሺላ ሥራ ነው እንጂ የእሱ አይደለም» አለኝ አንዱ።

«ዝም ማለትን የመረጠው ራሱ ነው» አልኩት። «ቁልፉን ሁሉ ለእሷ የሰጠውም ራሱ ነው። ከዝምታው ጀርባ ማን እንደሚጎዳ የማይጠይቅን መምህር፣ መጽሐፉ ቢያምርም ጠይቁት።»

ልጁ ተናዶ ወጣ፤ ሌሎቹ ቀሩ። እስከ ማታ ተከራከርን። ስብሰባውን እስከዚያ የሚመራው መጻሕፍቱን የሚያመጣው ልጅ ብቻ ነበር። ቦረና ውስጥ ዱብሉቅ ያደገችው ነርስ፣ እዚያ ጉድጓዱ ላይ ውሃ የሚጠጣው በተራ መሆኑን አስታውሳ፣ ከእንግዲህ ስብሰባውን በተራ እንምራ አለች። ድምፅ ሰጡበት፤ ጸደቀ።