ደብተሩ ላይ የተሰረዘው ቁጥር

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋምቤላ ኒውላንድ ሰፈር፣ ከአንድ ትልቅ ማንጎ ሥር ምንጣፍ አንጥፈን ስድስት ሆነን እንቀመጣለን። ሙቀቱ ቤት አያስቀምጥም። ውሃ መሃል ላይ ይቀመጣል፣ ካርድ ይበወዛል። አላፊ አግዳሚው ቁማር ይመስለዋል፤ ልጆቻቸውን ፍለጋ መጥተው ከኋላችን ቆመው የተመለከቱን እናቶችም አሉ። ቁማር አይደለም፣ ሳንቲም አናሲዝም። የምንጫወተው ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ የሒሳብ ሰው የፈጠረውንና እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የወጣውን ማጂክ ዘ ጋዘሪንግን ነው። ከስድስታችን ሁለታችን አስተማሪዎች ነን፤ አራቱ ተማሪዎቻችን ናቸው።

ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ነገር ነው፤ አይተነው የማናውቀው ካርድ እጃችን ሲገባ ዋጋውን እንዴት እንደምንገምት፣ በተለይ ድራፍት ለሚባለው አጨዋወት።

ድራፍትን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ልጅ ሆነን ሜዳ ላይ ሁለት አምበሎች ተራ በተራ ተጫዋች ሲመርጡ ያላየ የለም። መጀመሪያ የሚጠራው ጎል አግቢው ነው። በረኛ የሚሆነው ልጅ መጨረሻ ላይ ይቀራል። ብልጥ አምበል ግን በሁለተኛው ተራ በረኛውን ይወስዳል፤ ሰፈሩ ውስጥ አጥቂ ሞልቷል፣ ደህና በረኛ ግን አንድ ብቻ ነው። ካርዱም እንደዚያው ነው። እኛ ዘንድ እያንዳንዱ ሰው 15 ካርድ ያነሳል፣ አንዷን ለራሱ ያስቀራል፣ የቀረውን በግራው ላለው ያስተላልፋል፤ ካርዱ እስኪያልቅ እንዲህ ይዞራል። ሁለተኛው ዙር ወደ ቀኝ፣ ሦስተኛው ደግሞ እንደገና ወደ ግራ። መጨረሻ ላይ ሁሉም በእጁ 45 ካርድ ይኖረዋል። ከዚያ ቢያንስ 40 ካርድ ያለው ጥቅል ያዘጋጃል። ከ40ው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 17ቱ መሬቶች ናቸው፤ ማና የሚባለውን አቅም የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ከመረጥናቸው ካርዶች በእርግጥ የምንጫወተው በ23 ያህሉ ነው።

ካርዱን ጋምቤላ ውስጥ ገዝተነው አናውቅም። ያመጣልን የአክስቴ ልጅ ነው፤ ሚኒሶታ ነው የሚኖረው፣ እንደ ብዙ የጋምቤላ ልጆች። መጀመሪያ ያመጣልንን ፓኬት በአንድ ሳምንት ከፍተን ጨረስነው። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ሰብስበን፣ በውዘን፣ አሥራ አምስት አሥራ አምስቱን በላስቲክ አስረን የራሳችንን ፓኬት መሥራት ጀመርን። ለስድስት ሰው 270 ካርድ ይበቃል። እነዚያው ካርዶች ሁለት ዓመት አጫወቱን። ጥጋቸው ከመጎሳቆሉ የተነሳ ከጀርባቸው ብቻ አይተን የምንለያቸው አሉ፤ እነሱን አሁን ላስቲክ ሽፋን አልብሰናቸዋል።

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ሲመጣ በጅምላ የገዛቸውን ወደ ሁለት መቶ የሚሆኑ ካርዶች ይዞ መጣ። ለዓለም አሮጌ፣ ለእኛ ግን አዲስ። አንዱን ተማሪ ደብተር እንዲያመጣ ላክሁት። ደንብ አወጣን፤ ከመጫወታችን በፊት ለእያንዳንዱ ካርድ ከ0 እስከ 5 ነጥብ እንሰጣለን፣ በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ እንጽፋለን። ከተጫወትን በኋላ የተሳሳትነውን በቀይ ሰርዘን አዲሱን ቁጥር ጎኑ እናኖራለን። እስክሪብቶ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሰው የገመተውን ቶሎ ይረሳል፤ ካወቀው በኋላ ድሮም የማውቀው ነበር ይላል። ደብተሩ ላይ የተጻፈው ግን አይክድም።

የእኔ ትልቁ ስህተት አይጧ ናት። ፓክ ራት ትባላለች፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 ከወጣው ሪተርን ቱ ራቭኒካ ከተባለው ስብስብ ናት። ጥቁር ካርድ ናት፣ ለመውረድ ሁለት ማና ብቻ ትጠይቃለች። ጉልበቷና ጽናቷ የአይጦችህን ቁጥር ያህል ነው፤ ብቻዋን ስትሆን አንድ በአንድ ማለት ነው። ሦስት ማና ከፍለህ ከእጅህ አንድ ካርድ ከጣልክ ሌላ እሷን የምትመስል አይጥ ትወልዳለች። እኔ 1.5 ሰጠኋት። ካርድ አስጥሎ ካርድ መውለድ ምን ጥቅም አለው ብዬ ነው። ሺቫን ድራገን ለሚባለው ግን፣ ስድስት ማና የሚያስከፍለው፣ የሚበረው፣ አምስት በአምስት የሆነው ቀይ ዘንዶ፣ ያለማመንታት 4.5 ጻፍኩ።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ ደብተሩን አየና «ቲቸር፣ ይቺ አይጥ ዝም ብላ የምትታለፍ አትመስለኝም» አለኝ። አለፍኳት። እሱ ወሰዳት።

ማታ ላይ ተገናኘን። በሁለተኛው ተራው አይጧን አወረደ። በሦስተኛው አንድ መሬት ከእጁ ጣለና ሁለት አይጦች ሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት በሁለት። በአራተኛው ሦስት፣ ሦስት በሦስት። በአምስተኛው አራት፣ አራት በአራት። እኔ በስድስተኛው ተራዬ ዘንዶዬን በኩራት ሳወርድ አራት አይጦች ተሰልፈው ጠበቁኝ። አንዷን ብገድላት የቀሩት በአንድ ያንሳሉ እንጂ አይጠፉም። ያን ጊዜ ያልገባኝ ነገር ገባኝ፤ አይጧ ያስጣለችው ካርድ ሁሉ ብክነት አልነበረም። እጁ ላይ ያለውን ማንኛውንም ካርድ፣ የማይጠቅመውን ትርፍ መሬት ሳይቀር፣ ወደ ተዋጊ እየቀየረች ነበር። በዚያ ማታ 1.5ቷ ተሰርዛ 5 ተጻፈ። ሁለቱም ቁጥሮች አሁንም ገጹ ላይ አሉ።

ከዚያ በኋላ ነው አራት ሁኔታዎችን ይዘን መገመት የጀመርነው። ብራያን ዎንግ የተባለ ተጫዋች ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ካርዱን በአራት ሁኔታ ውስጥ አስቡት ይላል፤ ጨዋታው ገና ሲጀመር፣ ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል ተፋጥጠው ሲቆሙ፣ አንተ ስትመራ፣ እና ስትሸነፍ። ላኖዋር ኤልቭስን ውሰዱ፤ አንድ ማና የምታስከፍል፣ በየተራው አንድ አረንጓዴ ማና የምትጨምር አንድ በአንድ ፍጡር። በመጀመሪያው ተራ ወርቅ ናት። በአሥረኛው ተራ እጅህ ባዶ ሆኖ እሷን ስትስብ ግን አትረባህም። ዲቪኔሽን የሚባለው ሰማያዊ ካርድ በሦስት ማና ሁለት ካርድ ያስነሳል፤ ተፋጥጠህ ስትቆም ደስ ይላል፣ ሊገድልህ የመጣ ፍጡር ፊትህ ቆሞ ሳለ ግን አንዲት ጭረት አያስቆምልህም። ፓሲፊዝም ሁለት ማና ነው፣ ተራ ካርድ ነው፣ አንድን ፍጡር እንዳያጠቃም እንዳይከላከልም ያደርጋል። ስታሸንፍም ስትሸነፍም ይሠራል። እኛ ዘንድ ከብዙ ዘንዶ ይበልጣል።

ንባቡን ሳላነሳ አላልፍም። የክልላችን የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ምንጣፋችን ላይ ደግሞ አኝዋክኛም ኑዌርኛም ይነገራል። ካርዱ ግን እንግሊዝኛ ብቻ ነው። አንዱ ልጅ የራሱን ፍጡሮች ሁሉ የሚያጠነክር ካርድ 1 ሰጥቶት ነበር። ስንጠይቀው ተቃዋሚውንም ያጠነክራል ብሎ ነው የተረዳው። «ዩ ኮንትሮል» (አንተ የምትቆጣጠራቸው) የሚሉትን ሁለት ቃላት ዘሏቸዋል። ከዚያ ወዲህ አዲስ ካርድ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ በአማርኛ ይነገራል፣ ከዚያ ከልጆቹ አንዱ በአኝዋክኛ ወይም በኑዌርኛ ይደግመዋል። በሦስተኛው ቋንቋ የተምታታ ካርድ በመጀመሪያውም አልገባንም ማለት ነው። በግምት ከሠራናቸው ስህተቶች ብዙዎቹ የአስተሳሰብ ሳይሆን የንባብ ናቸው።

ሰቨንቲን ላንድስ የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ በኮምፒውተር የተደረጉ እጅግ ብዙ ጨዋታዎችን ሰብስቦ የትኛውን ካርድ የያዘ ሰው ስንት ጊዜ እንዳሸነፈ ያሳያል። ኔትወርክ ሲኖር ከፍተን እናየዋለን፣ ብዙም ተምረንበታል። ነገር ግን ያ ቁጥር የሌላ ምንጣፍ ቁጥር ነው። እነሱ ስምንት ሆነው አዲስ ፓኬት ይከፍታሉ፤ እኛ ስድስት ሆነን ያንኑ የራሳችንን ካርድ እናዞራለን። እኛ ዘንድ ዋጋው በሌላ ይለካል። ይህን ጋምቤላ ውስጥ ላደገ ሰው ማስረዳት አይከብድም። በአኝዋክ ባህል ድሙይ የሚባለው ሰማያዊ የብርጭቆ ጨሌ የጥሎሽ ሀብት ነበር፤ ለእንግዳ ሰው ግን ተራ ጨሌ ነው። በኑዌር ዘንድ ጥሎሹ ከብት ነው። የአንዱን ሀብት ለሌላው ምንጣፍ ላይ ብታኖረው ዋጋው ሌላ ይሆናል።

ስለዚህ አሁን ደብተራችን ውስጥ ከነጥቡ አጠገብ አንድ ተጨማሪ መስመር አለ፤ «እንደዚህ ያለ ስንት አለን?» ይላል። ስድስት ማና የሚያስከፍሉ ግዙፎች ሠላሳ ያህል አሉን፣ ማንም አይቸኩልባቸውም። ፍጡር የሚያስወግዱ ርካሽ ካርዶች አሥራ አንድ ብቻ ናቸው። ከእነሱ አንዱ በአምስተኛው ምርጫ ላይ ከቀኝ ከደረሰህ፣ ከቀኝህ ያሉት ያንን ቀለም እየተዉት ነው ማለት ነው፤ ግባበት። ተማሪዎቼ ይህን ከእኔ ቀድመው ነው ያወቁት።

እዚህ ላይ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩበት ጉዳይ። የአክስቴ ልጅ በስልክ «ለመጪው ምን ላምጣ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የሚያምሩና ውድ የሆኑ ካርዶችን አይቷል። ሻንጣው 23 ኪሎ ነው፣ የእናቱም ዕቃ አለበት። ድሮ ከእ.ኤ.አ. 1902ቱ የምኒልክና የእንግሊዝ ውል በኋላ ጋምቤላ የባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ በነበረች ጊዜ፣ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ወንዙ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነበር የሚደርሱት፤ ነጋዴው ምን እንደሚጭን አስቦ መጫን ነበረበት። የእኛም መርከብ በዓመት አንዴ ናት። ደብተሩን ከፍቼ አየሁና «ዘንዶ አታምጣ» አልኩት።

አንድ ፓኬት ውስጥ አብዛኛው ተራ ካርድ ነው፤ ድራፍት የሚቆመውም በእነሱ ነው። ውጭ አገር የሚጫወቱ ሰዎች ግን ብርቅዬውን ወስደው ተራውን ጠረጴዛ ላይ ትተውት እንደሚሄዱ የአክስቴ ልጅ ነግሮኛል። ሚኒሶታም ሆናችሁ ኦማሃ ወይም ሌላ ቦታ፣ ቤታችሁ ውስጥ በጫማ ካርቶን የተረሳ ተራ ካርድ ካለ አትጣሉት። ወደ ጋምቤላ የሚመጣ ዘመድ ስታገኙ ሁለት ማና የሚያስከፍሉ ፍጡሮችን፣ ርካሽ ማስወገጃዎችንና መሬቶችን ስጡት። አሁን ስድስት ነን፤ ሦስት ልጆች ተራ እየጠበቁ ከምንጣፉ ዳር ቆመው ያያሉ፣ ለእነሱም 135 ካርድ ያስፈልጋል።