ካርና እና ያ አዳራሽ

ከጥንታዊው የህንድ ተረክ ከማሃባራታ ሰዎች ማንን ትወዳለህ ቢሉኝ ካርናን እላለሁ፤ ግን አፌን ሞልቼ አይደለም። እናቱ ኩንቲ ሳታገባ ወልዳ ወንዝ ላይ የሰደደችው፣ ሠረገላ ነጂ ያሳደገው ልጅ ነው። አብሮት የተወለደ ጥሩር ነበረው። የአማልክት ንጉሥ ኢንድራ ብራህማን (ካህን) መስሎ ጥሩሩን ቢለምነው፣ አባቱ የፀሐይ አምላክ አስቀድሞ አስጠንቅቆት ሳለ፣ ከገላው ገሽልጦ ሰጠ። ደሙ እየወረደ!

ይህ ቸር ሰው ታዲያ ባሏ በቁማር ያስበላትን ንግሥት ድራውፓዲን ፀጉሯን ይዘው ወደ ቁማሩ አዳራሽ ሲጎትቷት ምን አደረገ? ሰደባት፤ ልብሷ ይገፈፍ አለ። እሷ ጥያቄ ነበራት፦ ባሏ ቀድሞ የተበላው ራሱን ነው ወይስ እሷን? ራሱን ካስበላ በምን ሥልጣኑ ሊያስይዛት? ቢሽማ፣ ያ ሁሉ ሕግ አዋቂ ሽማግሌ፣ ነገሩ ረቂቅ ነው ብሎ አለፈው። ካርናስ ኋላ መጸጸቱን ክሪሽና ለተባለው አምላክ ነግሮታል። ከቢሽማ ጋር ግን እስካሁን አልታረቅንም።