የእናቴ ዝክር፦ ከሞጣ እስከ መካነ ኢየሱስ

ኅዳር 8 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሥቼ፣ እናቴ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ለምትዘክረው ለቅዱስ ሚካኤል በዓል እደርስ ዘንድ፣ ከተለየኋት ዐሥራ አንድ ዓመት ወደ ሆነኝ የትውልድ አገሬ፣ ወደ እስቴ መካነ ኢየሱስ ጉዞ ጀመርሁ። ከአዲስ አበባ ወደ እስቴ ለሚሄድ ሰው የተለመደው መንገድ በባሕር ዳር ዞሮ በወረታና በደብረ ታቦር በኩል የሚያስገባው ነው። እኔ ግን በደጀን፣ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጌ ሞጣ ካደርሁ በኋላ፣ ወደ ዓባይ ወርጄ በሰባራ ድልድይ በእግሬ ልሻገር መረጥሁ፤ አባቴ በሕይወቱ ሳለ ከእስቴ እህል እየጫነ ወደ ሞጣ ገበያ ይመላለስ የነበረው በዚያ በኩል ነበርና፣ ወደ እናቴ ቤት ከመግባቴ በፊት የአባቴን ዱካ ልረግጥ ወደድሁ።

ድልድዩ በአፄ ፋሲል ዘመን በድንጋይና በኖራ የታነጸ ሲሆን፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ የመካከሉ ቅስት ተሰብሮ፣ ከዚያ ወዲህ በነበሩት ከስልሳ የሚበልጡ ዓመታት መንገደኛው ሁሉ ከወዲህና ከወዲያ የቆሙ ጎልማሶች በሚይዙት ገመድ ወገቡን ታስሮ፣ እያንጠለጠሉት ይሻገር ነበር። በ1993 ዓ.ም. ገደማ ይህ የገመድ መሻገሪያ በአንድ የአሜሪካ መጽሔት በፎቶግራፍ ታትሞ ቢወጣ፣ ሥዕሉን አይቶ ልቡ የተነካ አንድ አሜሪካዊ ለድኾች አገር ድልድይ የሚሠራ ማኅበር አቋቋመ፤ ዛሬ በብረት ገመድ የተንጠለጠለው ድልድይም የዚያ ፍሬ ነው። አባቴ ስለ ገመዱ ዘመን ሲያወጋን፣ «ገመዱን የሚይዝልህ ሰው የማን ልጅ እንደ ሆንህ አይጠይቅህም፤ የሚጠይቅህ ‹አጥብቀሃል ወይ?› ብሎ ብቻ ነው» ይለን ነበር። ከድልድዩ መካከል ቆሜ ጎርፉ የጎደለለትን ዓባይን ቁልቁል እየተመለከትሁ፣ ይህን የአባቴን ቃል ብዙ ጊዜ በልቤ አመላለስሁት።

ከድልድዩ ወዲያ ያለውን አቀበት ወደ አንዳቤት ስወጣ፣ ሦስት አህዮች የሚነዳ አንድ ጎረምሳ አብሮኝ ተጓዘ። የአገሬ ሰው ከመንገደኛ ጋራ ጥቂት እንደ ሄደ የሚጠይቀውን ጥያቄ እርሱም ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ ስንት ልጅ አለዎት?» «አልወለድሁም» አልሁት። ልጁም በእውነት አዝኖልኝ፣ «አይዞዎት፣ እግዜር አንድ ቀን ይሰጥዎታል» አለና፣ ውሃ የያዘባትን ቅል አቀበለኝ።

አንባቢዬ ከእኔ ጋራ እዚህ ድረስ ተጉዟልና እውነቱን ልሰውረው አይገባኝም። እኔ ወንድ ሆኜ ወንድን የምወድ ሰው ነኝ፤ ደግሞም በአርባ ቀኔ ተጠምቄ፣ ማዕተብ በአንገቴ ታስሮልኝ፣ በቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ፊደል ቆጥሬ ያደግሁ ክርስቲያን ነኝ። ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ጥለህ አንዱን ያዝ የሚሉኝ ሰዎች በዚህም በዚያም ወገን አሉ፤ ነገር ግን አንዱን ከእናቴ ማኅፀን፣ ሁለተኛውን ከጥምቀት ማኅፀን ይዤ የወጣሁ ስለ ሆነ፣ የቱንም ለመጣል ሥልጣን የለኝም። በምኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ ከአንድ ኢትዮጵያዊ ጋራ በአንድ ጣራ ሥር ስኖር ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። የሌሊት ሥራዬን ፈጽሜ ስገባ በጾሙ ወራት ሽሮ ሠርቶ ይጠብቀኛል፤ እሑድ እሑድ ነጠላችንን መስቀለኛ ለብሰን ከወንዶች ወገን ጎን ለጎን ቆመን እናስቀድሳለን። ምእመናኑ ደባሎች እንደ ሆንን ያውቃሉ፤ ከዚያ የበለጠ አልጠየቁም፣ እኛም አልተናገርንም። ሕፃናቱና ባለ ትዳሮቹ ለሥጋ ወደሙ ሲቀርቡ፣ እኛ ጠበል ጠጥተን እንወጣለን።

እንደ እኛ ስላለው ሰው በአደባባይ የሚነገረው ቃል «ግብረ ሰዶም» ነው፤ በመንገድ የሚወረወረው ስድብ «ቡሽቲ» ነው፤ እኛ ግን እርስ በርሳችን «ዜጋ» እንባባላለን። የዚህን ቃል ታሪክ የመረመረ ሰው ይደነቃል። ዛሬ ዜጋ ማለት በአገሩ ላይ ሙሉ መብት ያለው ሰው ሲሆን፣ በጥንቱ የጎጃም የመሬት ሥርዓት ግን ዜጋ ይባል የነበረው የራሱ ርስት ሳይኖረው በባለ ርስት ተጠግቶ የሚያርስ ሰው ነበር። ያደግንበትን ቤት እንደ ራሳችን ቤት እየወደድን፣ ምሥጢራችን የታወቀ ዕለት ተነቅለን እንዳንወጣ እየፈራን የምንኖር እኛ፣ ተስፋችን በዛሬው ትርጉም፣ ኑሯችን ግን በጥንቱ ትርጉም ነው።

ከዚህ ጉዞዬ አስቀድሞ፣ በ2011 ዓ.ም. በግንቦት ወር መጨረሻ፣ መቀመጫው ቺካጎ የሆነ ቶቶ ቱርስ የተባለ የጉዞ ድርጅት ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መንገደኞችን ወደ ኢትዮጵያ አምጥቶ ላሊበላንና ባሕር ዳርን ሊያስጎበኝ ማሰቡ በተሰማ ጊዜ፣ የሃይማኖት ማኅበራት መንግሥት ይከልክልልን ብለው ተነሥተው ነበር፤ ለድርጅቱም የግድያ ዛቻ ደረሰው። ያን ጊዜ ከተነገረው ሁሉ ልቤን ያቆሰለው፣ ነገሩ በባዕድ አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚመጣ እንጂ ከዚህ አፈር የማይበቅል ነው መባሉ ነበር። እኔ ላሊበላን ለመሳለም አስጎብኚ ድርጅት አላስፈለገኝም፤ በልጅነቴ ለልደት በዓል ስንቅ በጀርባዬ አዝዬ፣ የእናቴን ነጠላ ጫፍ ይዤ በእግሬ ሄጄ ተሳልሜዋለሁ። ይሁንና የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ከእርሱም በኋላ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629፣ ነገሩን በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርገውታልና፣ ስሜን በዚህ ጽሑፍ ላይ አላኖርሁም።

ኅዳር 10 ቀን ከአንዳቤት በጭነት መኪና ተሳፍሬ ከቀትር በኋላ መካነ ኢየሱስ ደረስሁ። ጤፉ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል፤ ርብንና ጉማራን አፍልቆ ወደ ጣና የሚሰድደው፣ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ራሱን በደመና ተከናንቦ ቆሟል። ከመኪናው ወርጄ የከተማዋን ስም በአንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተጽፎ ሳነብ፣ መካነ ኢየሱስ፣ የኢየሱስ ስፍራ ማለት እንደ ሆነ እንደ አዲስ ነገር ተሰማኝ። በዚሁ ስም የምትጠራው፣ በ1951 ዓ.ም. የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን፣ የስዊድንና የአሜሪካ ሉተራውያን እኅቶቿ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ወይም የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን አገልጋይነት ስለ ተቀበሉ፣ በ2005 ዓ.ም. ከእነርሱ ጋራ የነበራትን ኅብረት አቋርጣለች። እኔ የተዋሕዶ ልጅ ብሆንም፣ ያን ዜና በሰማሁ ጊዜ፣ ከአንድ መሶብ የቆረሱ ወንድማማቾች ስለ እኔና ስለ መሰሎቼ ሲሉ እንደ ተለያዩ አስቤ፣ እኔ ራሴ መሶቡን የገለበጥሁት ያህል ኀዘን ተሰምቶኝ ነበር።

እናቴን ያገኘኋት በጓሮ የድፎ ዳቦ መጋገሪያ የሚሆነውን ኮባ ስታጸዳ ነው። ጉልበቷን ስስም ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዐይኗ ስለ ደከመ በጣቶቿ ግንባሬንና ጉንጬን እየዳሰሰች፣ «ከስተሃል» አለችኝ። በበነጋው ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ ቤቱ በወይራ ጢስ ታጠነ፤ ጠላው ተጣራ፤ በዓሉ ዓርብ ስለሚውል ዝክሩ የጾም ነውና ሽሮው፣ ምስሩና የሱፍ ፍትፍቱ ተሰናዳ። እኔም እንስራ ተሸክሜ ውሃ ባመላልስ፣ ሴቶቹ እልል ብለው፣ «እንኳን ውጭ አገር ሄድህ፣ ሥራ ለምደህ መጣህ!» አሉኝ።

ከቀትር በኋላ ፊደል ያስቆጠሩኝን የኔታን ለመጠየቅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። የኔታ ድጓን ያስመሰከሩት በጋይንት ቤተልሔም ነው። ስለዚያች ደብር አንድ ነገር ሁልጊዜ ይነግሩን ነበር፦ ከውጭ ለሚያያት እንደ ማናቸውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ ስትመስል፣ በውስጧ ግን በጥርብ ድንጋይ የታነጸች፣ አራት ማዕዘን የሆነች ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ተሰውራ ትኖራለች። ከጽዱ ሥር አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ብዙ ዘመን በልቤ የያዝሁትን ጥያቄ አቀረብሁላቸው። «የኔታ፣ ፊልጶስ ያጠመቀው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ልጅ አልነበረውም። ርስቱን ማን ወረሰው?»

የኔታ መቋሚያቸውን ከጉልበታቸው ላይ አጋድመው ጥቂት ዝም አሉ። እርሳቸው የሚያውቁትን እኔም ከእርሳቸው የተማርሁትን ሁለታችንም በልባችን እናሰላስል ነበር፤ በኦሪት ሕግ እንደ እርሱ ያለው ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ተከልክሏል፤ እርሱ በሠረገላው ላይ ያነብበው የነበረው ነቢይ ኢሳይያስ ግን፣ ከዚያው መጽሐፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ለጃንደረባ ከወንድና ከሴት ልጆች የሚበልጥ ስም በእግዚአብሔር ቤት እንደሚሰጠው ይናገራል። ሰውየውም መንገድ ዳር ውሃ ባየ ጊዜ ከጥምቀት የሚከለክለው ነገር እንዳለ ጠየቀ፤ አንዳችም አልተገኘም። በመጨረሻ የኔታ ራሳቸውን ቀና አድርገው፣ «እኛ ነና ልጄ!» አሉኝ። «ይህ ሁሉ ደብርና ገዳም የማን ርስት መሰለህ?»

የኔታ ጥያቄዬ ከምን እንደ መነጨ አላወቁም፤ ቢያውቁ ምን ይሉ እንደ ነበር አልናገርላቸውም፤ እኔም ጃንደረባ ነኝ አልልም። ቤተ ክርስቲያኔ በእኔ ያለው ነገር ኃጢአት ነው ብላ እንደምታስተምር ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ ከዓመታት በፊት ለንስሐ አባቴ ሁሉን በተናዘዝሁ ጊዜ ስግደትና ዳዊት አዘዙልኝ፤ ምሥጢሬን ጠበቁ፤ ከደጅም አላባረሩኝም። ቀኖናውን ፈጽሜ ስመለስ ያው ሰው ሆኜ ተመለስሁ። እኔ ሥርዓተ አበውን ላርም አልተነሣሁም። ነገር ግን አገሬ በክርስትናዋ ስትመካ የመጀመሪያ ምስክር አድርጋ የምትጠራው፣ ሚስትና ልጅ ያልነበረው፣ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ሰግዶ ሲመለስ በመንገድ የተገኘ አንድ ብቸኛ መንገደኛ መሆኑን ሳስብ፣ በዚያች ቅጽር ውስጥ መቀመጫ ያለኝ መስሎ ተሰማኝ።

በዚያች ሌሊት እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ እኔና እናቴ ከምድጃው አጠገብ ቀረን። እርሷ እንዝርቷን ይዛ ትፈትላለች።

«ልጄ፣ አርባ ዓመት አለፈህ። ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል» አለችኝ።

«ምን ትያቸዋለሽ፣ እማዬ?»

«እግዜር ያውቃል እላቸዋለሁ።» እንዝርቷን በጭኗ ላይ አሾረችው። «ያ ደባልህ ሚስት አለው?»

«የለውም።»

«ስትታመም ማን ያስታምምሃል?»

«እሱ።»

«እሱስ ሲታመም?»

«እኔ።»

ፈትሉ ተበጠሰ። ጫፍና ጫፉን በምራቋ አርሳ፣ በአውራ ጣቷና በጠቋሚ ጣቷ መካከል አሽታ ቀጠለችው፤ ከዚያም ቀና ሳትል፣ «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» አለችኝ። ነገርኋት። የክርስትና ስም ለካህን ጸሎት እንጂ ለአደባባይ አይሰጥምና፣ እዚህ አልጽፈውም። ሁለት ጊዜ ደጋግማ ለራሷ ተናገረችው፤ ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም።

በማግሥቱ የነፍስ አባታችን በዳቦው ላይ ጸሎት ሲያደርሱ፣ እናቴ እንደ ልማዷ የቤተሰቡን የክርስትና ስም አንድ በአንድ አቀበለቻቸው፤ አስቀድሞ የሟቹን የአባቴን፣ ቀጥሎ የእኅቶቼንና የወንድሜን፣ ከዚያም የእኔን። ከእኔ ቀጥላም ያን ስም ጠራች። ካህኑ የማን ነው ብለው አልጠየቁም፤ እንደ ሌሎቹ አድርገው ባረኩት። እኔም ከጎረቤቶቼ ጋራ «አሜን» አልሁ።

ይህን እናቴ ሁሉን ዐውቃ ፈቀደች ብዬ አልተረጕመውም፤ ያልተናገረችውን በአፏ ላይ ማኖር አይገባኝም። የማውቀው ይህን ብቻ ነው፤ አሜሪካን ያላየች፣ ስለ ሕግም ስለ ክርክርም ያልሰማች አንዲት የእስቴ ሴት፣ ልጇን የሚያስታምም ሰው መኖሩን በሰማች ጊዜ ከሁሉ አስቀድማ ያደረገችው ስሙን ወደ ጸሎት ማግባት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን የምታነብብ እናት ወይም አባት ብትሆን፣ በቤትህ ሳያገባ የቆየ፣ ጥያቄ ሲበዛበት ዝም የሚል፣ በበዓል ቀን መጥቶ በማግሥቱ የሚሄድ ልጅ ምናልባት ይኖርሃል። ያስጨነቀውን ነገር ባትቀበለው፣ እንዲያውም ኃጢአት ነው ብለህ ብታምን፣ ይህ ከኅሊናህና ከንስሐ አባትህ ጋራ የምትጨርሰው ነው። እኔ የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ የልጅህን ስም ከጸሎትህ አታውጣ።