ስለ ሰንጠረዥ ጨዋታ

ጨዋታ ሲባል ለሕፃናት ብቻ የተተወ ነገር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የቀድሞ ነገሥታትና መኳንንት ግን ከዘመቻና ከፍርድ ሥራ በተረፋቸው ጊዜ በሰንጠረዥ ዙሪያ ተቀምጠው አሳባቸውን ይስሉበት ነበር። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደ ነበር ይነገራል፤ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም፣ የልጅ ልጃቸው ዐፄ ምኒልክም፣ እቴጌ ጣይቱም ይህን ጨዋታ ያውቁ ነበር ይባላል። ገበጣ የእረኛም የመኳንንትም ስለ ሆነ እስከ ዛሬ ኖረ፤ ሰንጠረዥ ግን በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አገራችንን ከወረረ በኋላ ቀስ በቀስ ጠፋ።

በአንኮበር ተወልደው በደብረ ብርሃን የሚኖሩ አንድ የቅኔ መምህር ይህን ጨዋታ ያገኙት በስተርጅና ነው። የእኅታቸው ልጅ ከትምህርት ቤት ቼዝ የሚባለውን ተምሮ መጣ። መምህሩ አጠገቡ ተቀምጠው ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፣ «ይህማ አባቶቻችን ሰንጠረዥ ሲሉ የሰማሁት አይደለምን?» አሉት። ልጁም ፈልጎ፣ ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ በ1971 እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ያሳተሙትን ጽሑፍ አገኘና እየተረጐመ አነበበላቸው። የጨዋታውን ሕግ በሰፊው ጽፎ ያቈየው የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ፕላውደን ነው፤ እርሱም በ1860 በጐንደር አቅራቢያ ቈስሎ ሞተ፤ መጽሐፉም ከሞቱ በኋላ በ1868 ታተመ።

መምህሩ ይህን በሰሙ ጊዜ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ቀይ ጨርቅ አስመጥተው በጥቍር ጥለት ስምንት በስምንት አስከፈሉት፤ 64 ቤት ሆነ። የሰንጠረዥ ገበታ እንደ ቼዝ ነጭና ጥቍር እየተፈራረቀ የሚሣል አይደለምና። ከዚያም 32ቱን ከወይራ እንጨት ቈርጠው በቢላዋ ቀረጹ፣ በሞረድም አለሰለሱ። ቅርጻቸው ሰውን ወይም እንስሳን መምሰል አያሻውም፤ ንጉሡ ከሁሉ ይረዝማል፣ ፈርዝ የተባለው አማካሪው ከእርሱ ዝቅ ይላል፣ ፊል፣ ፈረስና ደር እያንዳንዱ በየመልኩ ይለያል፤ መደቅ የሚባሉት እግረኞች አጫጭሮች ናቸው። ግማሾቹን ብራና በሚጻፍበት በጥላሸት ቀለም አጠቈሩ፤ ግማሾቹን በእንጨቱ መልክ ተዉ። ልጁ ንጉሦቹን በቀይ ቀለም እንዲያስጌጡ ቢለምናቸው፣ «ቀይ የቅዱሳን ስም የሚጻፍበት ነው፤ ለጨዋታ አይሆንም» ብለው እንቢ አሉ።

የአጨዋወቱ ሕግ ልጁን አስደነቀው። በመጀመሪያ ተራ የለም፤ አንዱ ከሌላው ሠራዊት እስኪበላ ድረስ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እንደ ወደዱ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ ይህም ወረራ ይባላል። ፈርዝ በማዕዘን አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፤ ፊል በማዕዘን ሁለት ቤት ይዘልላል። ኤውሮጳውያን በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ለእነዚህ ሁለቱ ታላቅ ኀይል ሰጧቸው፤ ሰንጠረዥ ግን የጥንቱን ጠበቀ።

ከሁሉ የሚበልጠው ሕግ ግን ስለ ድል የተደነገገው ነው። ሠራዊቱ ሁሉ ያለቀበትን፣ ብቻውን የቀረውን ንጉሥ መያዝ አይፈቀድም። በደር ወይም በፈረስ መያዝም እንደ ተራ ነገር ይቈጠራል፤ በፊል፣ በፈርዝ ወይም በመደቅ የያዘ ግን ይመሰገናል።

ልጁ መጀመሪያ በተጫወቱ ጊዜ በሁለት ደር አጥብቆ፣ «አጎቴ፣ ንጉሥዎ ተያዘ» አለ።

«ተይዟል፤ ነገር ግን በጉልበት ነው» አሉት።

«ድል ድል ነው፤ በምንም ብይዘው ምን ይለውጣል?»

«ልጄ፣ ቤት የመታ ሁሉ ቅኔ ነውን? ሰሙ ከወርቁ ካልተስማማ ማን ያመሰግነዋል?»

ልጁ አልመለሰም። በሌላ ቀን ግን የመምህሩን ሠራዊት ጨርሶ አንድ ፈረስ ብቻ ሲቀራቸው፣ ሊበላው ይችል የነበረውን ያን ፈረስ ተወው፤ በፊል ሊይዛቸው አስቦ ነበርና። የተተወው ፈረስም ዞሮ ደሩን በላበት፤ ጨዋታውም ያለ ድል ቀረ። መምህሩ ሳቁ፤ ልጁ ግን አልሳቀም፤ እንደ ገና አሰለፈ።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። እንጨት ቀርጾ ቀለም መቀባት የጥቂት ሳምንት ሥራ ነው፤ ጠላትን ፈጽሞ ሳያጠፉ በመልካም መንገድ መርታት ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ አንዳንድ ጊዜም ድሉን ራሱን ያሳጣል። አባቶች ይህን እያወቁ ሕግ አድርገው ለልጆቻቸው ሰጡ። ይህ ሕግ በእጃችን ሳለ በብራና ሳንጽፈው ቀርተን ከእንግዳ ሰው መጽሐፍ መልሰን መለመናችን ያሳዝናል። ስለዚህ በአንኮበርም ሆነ በሌላ ስፍራ አያቱ ሲጫወቱ ያየ ወይም ሲነገር የሰማ ሽማግሌ ቢኖር፣ ዕድሜ ሳይቀድመው ለልጆቹ ያስጽፍ።