በቤት ስለሚያድር ጠበንጃ

በአገራችን በደምቢያ ጠበንጃ የወንድ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ እንደ እርሻ በሬ የሚቈጠር ሀብት ነው። ኮላ ድባ ከጎንደር በስተደቡብ ምዕራብ፥ ከጣና በስተሰሜን በተዘረጋው ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። በሜዳ የሚኖር ሰውም የሚከልለው ተራራ ስለሌለ አጥሩንና ክንዱን ይታመናል። አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ያሉት ይህንኑ አይተው ነው። በጥር ወር 1880 ዓመተ ምሕረት የደርቡሽ ጦር በዚሁ በደምቢያ ሜዳ፥ በሳር ውሃ፥ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሠራዊት ድል ነሥቶ ወደ ጎንደር ወጣ፤ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጠለ። ያም መከራ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲነገር ኖሯል። ከ2015 ዓመተ ምሕረት ወዲህም በክልላችን ስለ ተነሣው ውጊያና ሰው አግቶ ገንዘብ ስለሚጠይቀው ክፉ ልማድ ብዙ አባወራ ሌሊቱን በስጋት ያነጋል። ስለዚህ ሰው ቤቱን ለመጠበቅ ስለ ምን ጠበንጃ ያዘ ብዬ ለመንቀፍ አልተነሣሁም። ልናገር የወደድሁት ስለ አንዲት ነገር ነው፤ ይኸውም ጠበንጃው በቤት ውስጥ እንዴት ሆኖ እንደሚያድር ነው።

እኔ በዕድሜዬ ጠበንጃ ታጥቄ አላውቅም። ነገር ግን በተማሪነቴ ዘመን ከአንዱ ቅኔ ቤት ወደ ሌላው ቅኔ ቤት ስሄድ፥ መሽቶብኝ በብዙ ሰው ቤት የእግዚአብሔር እንግዳ ሆኜ አድሬአለሁ። ለእንግዳ የሚነጠፈው መደብ ብዙ ጊዜ ጠበንጃው ከተሰቀለበት ምሰሶ አጠገብ ነውና፥ በጭስ የጠቈረ ሰደፍ እያየሁ እንቅልፍ የወሰደኝ ሌሊት ጥቂት አይደለም። አንዱ ጠበንጃውን ከራስጌው ይሰቅለዋል፤ ሌላው ከበሩ ኋላ ያቆመዋል፤ ሌላውም ከአልጋው ሥር፥ ሕፃናት በቀን በሚጫወቱበት ስፍራ፥ ያስተኛዋል። ከእነርሱም መካከል ጥይት አጉርሰው የሚያሳድሩ ነበሩ።

ከአስተናጋጆቼ አንዱ በጣሊያን ወረራ ዘመን በአርበኝነት የዋሉ ሽማግሌ ነበሩ። ማታ ማታ ራት ከተበላ በኋላ ምንሽራቸውን ያወርዱና አፈሙዙን ወደ ጓሮው ግድግዳ መልሰው ይከፍቱታል፤ ጉሮሮውን በኩራዝ ብርሃን ይመለከቱታል፤ በጣታቸውም ይዳስሱታል፤ ከዚያም ባዶውን ሰቅለው ዝናራቸውን ከትራሳቸው ሥር ያደርጋሉ። እኔም በልጅነት ድፍረት፥ «አባባ፥ ሌባ ቢመጣስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፥ «ልጄ፥ በዱር ሳለሁ ጎርሶ ያድር ነበር፤ በልጆቼ መካከል ግን ጾሙን ያድራል» አሉኝ። ቅኔ ያልተማሩ ሰው እንዲህ ያለ ቃል መናገራቸው አስደነቀኝ። ጉርሻ በእኛ ዘንድ የፍቅር ምልክት ነው፤ ጠበንጃ ግን ያጎረሰውን ሰው ከቤተ ሰቡ ለይቶ አያውቅም።

አጉርሶ ማሳደርን የሚወዱ ሰዎች አንድ ምክንያት ያቀርባሉ፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ነው» ይላሉ። ምክንያቱ ንቀት የሚገባው አይደለም። ነገር ግን የሌባን መንገድ እንመልከት። ሌባ አጥር አለበት፤ ውሻ አለበት፤ የተወረወረ መወርወሪያ ያለው በር አለበት። እነዚህ ሁሉ ለባለቤቱ ጊዜ ይገዙለታል። በአጠገብ ያለን ጥይት ለለመደ እጅ ማጉረስ የጥቂት ትንፋሽ ሥራ ነው። ስለዚህ አጥሩ የፈረሰ፥ በሩ የላላ፥ ከጎረቤቱም ጋር የተጣላ ሰው ጠበንጃውን ቢያጎርስ ተዘጋጀ አይባልም። አጥሩን ያጠበቀ፥ ውሻውን ያበላ፥ ኡኡ ሲል የሚደርስለት ጎረቤት ያለው ሰው ግን ጠበንጃው ባዶ ሆኖ ቢያድርም የተዘጋጀ ነው። ዝግጅት በሰውየው ልብና በቤቱ ሥርዓት እንጂ በጠበንጃው ጉሮሮ አይደለም።

የመሣሪያውን ጠባይ ማወቅም ያስፈልጋል። ከ1860 ዓመተ ምሕረት የመቅደላ ዘመቻ ጀምሮ ስሙ የታወቀው ሰናድር፥ ከዚያም በኋላ የመጣው ውጅግራ፥ የሚጎርሱት አንዳንድ ጥይት ነበርና ባዶነታቸውን ማወቅ ቀላል ነበር። ባለ ሁለት አፈሙዙ የአደን ጠበንጃም ከወገቡ ታጥፎ ስለሚከፈት ሁለቱ ጉሮሮዎቹ በአንድ እይታ ይታያሉ። ክላሽንኮቭ ግን እንዲህ አይደለም። ካዝናው ቢወጣም ቀድሞ የጎረሰው አንድ ጥይት በጉሮሮው ይቀራል፤ ካዝናውን በእጁ የያዘ ሰውም ባዶ ነው ብሎ ይታለላል። ስለዚህ አፈሙዙን ሰው ከሌለበት አቅጣጫ መልሶ፥ አስቀድሞ ካዝናውን ማውጣት፥ ቀጥሎ በቀኝ ጎኑ ያለውን መቈለፊያ ዝቅ ማድረግ፥ ከዚያም ቃታውን ወደ ኋላ ስቦ በዐይን ማየት ይገባል። ይህ ሁሉ ሲደረግ ጣት ከምላጩ ርቆ ይቈያል። መቈለፊያውም ቢሆን ረዳት እንጂ ዋስ አይደለም፤ የሕፃን ጣት ሊከፍተው ይችላልና። ደግሞም የጭቃ ግድግዳ ጥይትን አያቆምም፤ በአንዱ ቤት የተተኰሰው በሌላው ቤት የተኛውን ሊያገኝ ይችላል። የአደን ጠበንጃ እርሳስም ሲወጣ እንደ ሽምብራ ዘር ይበተናልና፥ ከታለመው ሌላ በአጠገቡ የቆመውን ይነካል።

የሙሴ ሕግ ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። በዘጸአት ምዕራፍ 22 በሌሊት ቤት ሲሰረስር ተገኝቶ የተመታ ሌባ ደሙ በመቺው ላይ እንዳይሆን ተደነገገ፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ የሆነ እንደ ሆነ ግን ደም ይሆንበታል። ከዚህ እንደምንረዳው ሕጉ የቤትን መከላከል ፈቅዶ፥ ማየት ከሚችል ሰው ማየትን ይፈልጋል። ዛሬ የእጅ መብራት በየቤቱ አለና፥ በጨለማ ኮቴ ሰምቶ የሚተኵስ ሰው ምክንያቱ የሳሳ ነው፤ ኮቴው አምሽቶ የተመለሰ ልጁ ወይም ለምጥ ሊጠራው የመጣ ጎረቤቱ ሊሆን ይችላልና። ደግሞ በምዕራፍ 21 ተዋጊነቱ ተነግሮት በሬውን ያልጠበቀ ሰው በሬው ስለ ገደለው ነፍስ ይጠየቃል። በዘዳግምም ምዕራፍ 22 ቤት የሚሠራ ሰው ማንም እንዳይወድቅ ለሰገነቱ መከታ እንዲያበጅ ታዘዘ። ጠበንጃ ከበሬውም ከሰገነቱም የሚብስ ነውና፥ ባለቤቱ አላወቅሁም ለማለት አይችልም። የአገራችንም የ1996 ዓመተ ምሕረት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177/2012ም ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ከልክሏል።

ከቅጣቱ የሚከብድ ሌላ ነገር ግን አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሽማግሎች ጋር ወደ አንድ የገጠር ቤት ተጠርቼ ሄድሁ። በልማዳችን ደም የፈሰሰ እንደ ሆነ ገዳይ ይሸሻል፤ ደመኛ ይፈልገዋል፤ ሽማግሎችና ካህናት በመካከል ገብተው ካሣ ቈርጠው ያስታርቃሉ። በዚያ ቤት የሞተው የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ነበረ፤ ምላጩን የሳበው ደግሞ የአሥራ ሁለት ዓመት ወንድሙ ነው። አባታቸው ካዝናውን አውጥቶ ስለ ሰቀለው ባዶ ነው ብሎ አምኖ ነበር። ካሣ ከፋዩ ማን ነው? ተቀባዩስ? ገዳዩም ደመኛውም ከአንድ መሶብ የሚቈርሱ ናቸው። ብዙ ደም ያደረቁ ሽማግሎች የሚሉት ጠፍቷቸው አንገታቸውን ደፉ። በመጨረሻ እናቲቱ ከጓዳ ወጥታ፥ «ይህን ልጅ ማንም ገዳይ ብሎ እንዳይጠራብኝ ገዝቱልኝ፤ ሌላ ካሣ አልሻም» አለች። እንደ ቃልዋም ተደረገ። ልጁ ግን ዐይኑን ከመሬት አላነሣም ነበር። በዚያ ቤት ጠበንጃው ከተገዛ ጀምሮ አንድም ሌባ አልመጣም።

ስለዚህ ወንድሞቼ ሆይ፥ ጠበንጃ ያለው ሰው ሥርዓቱ ይህ ቢሆን መልካም ነው። ጠበንጃው ባዶ ሆኖ፥ የሕፃን እጅ ከማይደርስበት፥ ቢቻል ከተቈለፈ ሣጥን ይደር። ጥይቱ ከጠበንጃው ተለይቶ በባለቤቱ ራስጌ ይሁን፤ ቍልፉም በአንገቱ ወይም በወገቡ ይሁን። ከምድጃ ሙቀትና ከክረምት ርጥበት ይራቅ፤ ለመወልወል ሲወርድ ጉሮሮው አስቀድሞ ይታይ። ጠላ ወይም አረቄ የቀመሰ እጅ አይንካው፤ በሰርግና በጥምቀት ለደስታ ተብሎ ወደ ሰማይ አይተኰስ፤ ወደ ላይ የወጣው ጥይት ተመልሶ ይወርዳልና። በቤት ጠብ በተነሣ ጊዜም ቍልፉን ለታመነ ዘመድ አደራ መስጠት ነውር አይደለም። ልጆችም ምንነቱን ከአባታቸው አፍ ይማሩ፤ ያልተነገረው ልጅ በጣቱ ይማራልና።

ይህን ያነበበ አባወራ ዛሬ ማታ መብራቱን ሳያጠፋ ጠበንጃውን አውርዶ ጉሮሮውን ይመልከት።