ከመንዝ ወደ አልፕስ ቁልቁል

ወላጆቼ በአውሮፓ ክረምት ዙሪክ እንደሚመጡ የሰማ ሁሉ መካሪ ሆነብኝ። «ተራራ እንዳትወስጃቸው፤ ከፍታው ለሽማግሌ ልብ አይሆንም» ያለኝ አለ። «ከ1500 ሜትር በላይ ከወጣችሁ ቀስ በቀስ ይሁን» ያለችኝም አለች። ምክሩ ከፍቅር እንደሆነ ገብቶኛል። ነገር ግን ሰዎቹ የሚመጡት ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ነው። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በአውሮፓ ዓመቱን ሙሉ ሰው የሚኖርበት ከፍተኛው መንደር የሚባለው፣ በግራውቡንደን ካንቶን ያለው ዩፍ፣ 2126 ሜትር ላይ ነው፤ አዲስ አበባ እንኳ ትበልጠዋለች። ቤተሰቦቼ እንግዲህ ወደ አልፕስ የመጡት ወርደው ነው። ይህንን ለአባቴ ስነግራቸው ሳቁና «ታዲያ ምኑን ነው ተራራ የሚሉት?» አሉ።

እኔን ያሳሰበኝ ሳንባቸው ሳይሆን እግራቸው ነው። የአባቴ ቀኝ ጉልበት ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። እናቴ የደም ግፊት ኪኒን ይወስዳሉ። ውርጩንስ ሁለቱም ከኔ በላይ ያውቁታል፤ ሲረግጡት ከእግር ሥር የሚሸሽ መሬት ግን አይተው አያውቁም።

እዚህ አገር እንግዳ ሲመጣ ሁሉም የሚሮጠው ወደ ዩንግፍራውዮኽ ነው። 3454 ሜትር ላይ ያለ የባቡር ጣቢያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1912 የተከፈተ፣ በተራራ ሆድ ውስጥ በተፈለፈለ ዋሻ የሚደረስበት። ምህንድስናው አያሳፍርም። ግን ቅናሽ የሌለው ቲኬት ለአንድ ሰው ከ200 ፍራንክ ያልፋል፤ እላይ ሲደረስ ደግሞ ግፊያና ፎቶ ነው። ሽማግሌ ይዞ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚታይ ከመጠየቁ በፊት የት እንደሚቀመጡ፣ መጸዳጃ ቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ቢጠይቅ ይሻለዋል። በዚህ መለኪያ ሪጊን የሚያህል የለም።

ሪጊ 1798 ሜትር ነው፤ ለመንዝ ሰው ቆላ ማለት ነው። ከሉሰርን በጀልባ ተነስተን አንድ ሰዓት ያህል በሐይቁ ላይ ሄደን ፊትስናው ወረድን። ወሩ ታኅሣሥ ነበር፤ ጉሙ ውኃው ላይ ተኝቶ ዳርቻው እንኳ አይታይም። በዚህ ወቅት የስዊስ ዝቅተኛው ምድር ሁሉ እንዲህ ነው። ቀዝቃዛው አየር በዩራና በአልፕስ ተራሮች መሀል ታቁሮ ይቀራል፤ ሞቅ ያለው አየር ከላይ ይከድነዋል፤ ከተማው ለሳምንታት ፀሐይ ሳያይ ይከርማል። እናቴ ነጠላቸውን በወፍራሙ ጃኬት ላይ ጠቅልለው «ይኼ ሰው ፀሐይ የሚያየው በምን በኩል ነው?» ሲሉ ነበር። መልሱ ከፊታችን ቆሞ ነበር፤ ቀዩ ባቡር።

ይህ ባቡር በአውሮፓ የመጀመሪያው ጥርሳም የተራራ ባቡር ነው። ኒክላውስ ሪገንባኽ የሚባል መሐንዲስ በ1871 ሥራ አስጀመረው። በሁለቱ ሐዲዶች መሀል መሰላል የመሰለ ሦስተኛ ብረት ተዘርግቷል፤ ከባቡሩ ሥር ያለው ጥርሳም መዘውር የመሰላሉን እርከን አንድ በአንድ እየነከሰ ይወጣል። ከዚያ በፊት ገንዘብ ያለው ጎብኚ በወንበር ተቀምጦ በሸክም ነበር የሚወጣው። አባቴ የባቡሩ ነገር ሲነሳ ከአያታቸው የሰሙት አንድ ስም ትዝ ይላቸዋል፤ ሙሴ ኢልግ። አልፍሬድ ኢልግ ከዙሪክ ብዙ ከማይርቀው ከፍራውንፌልድ ተነስቶ በ1879 አንኮበር የገባ፣ ኋላም የምኒልክ አማካሪ የሆነ፣ የጅቡቲውን የባቡር መንገድ ፈቃድ የተቀበለ ሰው ነው። ሪገንባኽ ባቡሩን ሲያስመርቅ ኢልግ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። «ታዲያ ይህንን አይቶ ነዋ ለጃንሆይ ባቡር ባቡር ያለው» አሉ አባቴ። ማስረጃ የለኝም፤ ግን አልተከራከርኳቸውም።

ባቡሩ ውስጥ ከፊታችን የተቀመጡት አዛውንት ዓይናቸውን ከአባቴ በርኖስ ላይ አልነቀሉም። በመጨረሻ በምልክት ፈቃድ ጠየቁና የበርኖሱን ጫፍ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሀል ይዘው አሹት፤ ገልበጥ አድርገው ስፌቱን አዩት። ምን ዓይነት በግ እንደሆነ ጠየቁኝ። «የመንዝ በግ ነው በያቸው፤ ጅራተ ሰፊ፣ ትንሽ፣ ብርድ የማይበግረው» አሉ አባቴ። ሰውየው ድሮ እሳቸውም በግ ያረቡ እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ ወዲያ እኔ የተርጓሚ ደመወዝ ይገባኝ ነበር፤ ሁለቱ ሽማግሎች ስለ ሸላችና ስለ ሱፍ ዋጋ ማርከስ እስከ ሪጊ ካልትባድ ድረስ አወጉ። እዚያው መሀል ላይ ከጉሙ ወጣን። ማንም አላስተዋለም፤ እናቴ ብቻ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ዓይናቸውን ጨፍነው ፀሐዩን ይሞቁ ነበር።

ካልትባድ መኪና አይገባም። ከዚያ ወደ ፈርስት የሚወስደው መንገድ ለሽማግሌ የተፈጠረ ነው እላለሁ፤ እስከ 1931 ድረስ ሌላ ባቡር ይሄድበት የነበረ ደልዳላ ስለሆነ ሽቅብ ቁልቁል የለበትም። በረዶውን በማሽን ዳምጠውታል፤ በየርቀቱ ሮዝ ቀለም የተቀባ ምልክት ተተክሏል። በበጋ የእግረኛ መንገድ ምልክቱ ቢጫ ነው፤ ሮዙን ያየ ሰው የክረምት መንገድ ላይ መሆኑን ያውቃል። አግዳሚ ወንበር በየቦታው አለ። ቢሆንም በረዶ በረዶ ነውና ሁለቱንም አስቀምጬ ጫማቸው ላይ የሚጠለቀውን ጥርስ አሰርኩላቸው። ጥቁር ጎማ ነው፤ መጀመሪያ በጫማው አፍንጫ ይገባል፤ ከዚያ ኋላውን በኃይል ለጥጦ ተረከዙ ላይ ማሳረፍ ነው፤ ከሥሩ ያሉት የብረት ሾሎች ጫማው መሀል ላይ መዋላቸውን ማየት ያስፈልጋል። አባቴ እግራቸውን ዘርግተው እያዩኝ «በቅሎ እንኳ ስትጫማ ትራገጣለች፤ እኔን ዝም ብለሽ ጫሚኝ» አሉ። ሁለት ሦስት እርምጃ በጥርጣሬ ከሄዱ በኋላ ግን ከዘራቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው መራመድ ጀመሩ። ለመመለስ ያስቸገሩኝ እሳቸው ናቸው።

የምግቡን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ጊዜው የነቢያት ጾም ነው፤ የስዊስ ተራራ ምግብ ቤት ደግሞ ያለ አይብና ያለ ቅቤ አንድ ቀን የሚያድር አይመስልም። ፎንዱ አይብ ነው። ማካሮኒው ክሬምና አይብ ነው። ድንች ብቻ ነው ብለው የሚያመጡት ሮሽቲ እንኳ ብዙ ጊዜ በቅቤ የተጠበሰ ነው። እናቴ ይህንን ሁሉ ሳይነገራቸው ያወቁት ይመስል ከቦርሳቸው የበሶ ጭብጦ፣ የገብስ ቆሎና ሻይ በፔርሙዝ አወጡ። ከምግብ ቤቱ ውጭ ፀሐይ የመታው ወንበር ላይ ተቀምጠን በላን። ከሥራችን እስከ ዓይን ማድረሻ ድረስ ጉም ነበር። ጣርማ በር ላይ ቆሞ ቆላውን ቁልቁል ያየ ሰው ይህ አይገርመውም፤ እነሱም አልገረማቸውም፤ ደስ አላቸው። ማታ ሉሰርን ስንመለስ ጣቢያው አጠገብ ቼስትነት የሚባለውን የተጠበሰ ፍሬ ገዛሁላቸው። ወረቀቱ ሁለት ኪስ አለው፤ አንዱ ለፍሬው፣ አንዱ ለልጣጩ። እናቴ ፍሬው ካለቀ በኋላ ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ቀጥሎ የሄድነው ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኤንጋዲን ሸለቆ ነበር። የቤርኒና የባቡር መስመር በ1910 የተጠናቀቀ ሲሆን በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ጎብኚ የሚሽቀዳደመው ትልልቅ መስኮት ወዳለው ልዩ ባቡር ነው፤ እኔ ግን ተራውን ባቡር እመርጣለሁ። የሚሄደው በዚያው ሐዲድ ነው፤ ለወንበር ተጨማሪ አያስከፍልም፤ የደከመው ሰው በፈለገበት ጣቢያ ወርዶ ቡና ጠጥቶ በሚቀጥለው ይሳፈራል። ለወላጆቼ መስኮት አጠገብ መቀመጥ ራሱ በቂ ሽርሽር ነው። ልጆች ይህንን ስለማንረዳ ነው ሽማግሌ የምናደክመው።

ኦስፒሲዮ ቤርኒና የመስመሩ ከፍተኛ ጣቢያ ነው፤ 2253 ሜትር። እዚያ አካባቢ ጎን ለጎን ሁለት ሐይቆች አሉ፤ ጥቁር ሐይቅና ነጭ ሐይቅ ይሏቸዋል። በጥር ሁለቱም በረዶ ናቸው፤ ጥቁሩ ከነጩ አይለይም። ልዩነታቸው ከሥር ነው። የጥቁሩ ውኃ በኢን ወንዝ ወደ ዳኑብ ገብቶ ጥቁር ባሕር ይደርሳል፤ የነጩ በደቡብ በኩል ወርዶ በፖ ወንዝ አድሪያቲክ ባሕር ይገባል። መሀላቸው ያለው መሬት ደግሞ ይህ ነው የሚባል ከፍታ የለውም። አባቴ ይህንን ስነግራቸው ቀና ብለው ተቀመጡ። የመንዝ ሰው ውኃ ሲከፈል ያውቃላ! ከመንዝ ገደል በምዕራብ የዘነበው ወደ ጀማ፣ ከጀማ ወደ አባይ ይሄዳል፤ በምሥራቅ የወረደው አዋሽን ያገኛል። አባቴ በጣታቸው መስኮቱ ላይ ባለው እርጥበት ሁለት መስመር አሰመሩ። «የነሱ ሁለቱም ባሕር ያገኛል» አሉ። «የኛ አዋሽ ግን አፋር በረሃ ገብቶ ይቀራል።» እናቴ «እኛ ምን ጎደለብን? እሱም አፋርን ያጠጣል» ብለው ዘጉት።

ሳንክት ሞሪትዝ ላይ ብዙ አልቆየንም። ከተማው የሀብታም ሱቅ ነው፤ ለኛ የሚሆን ነገር የለውም። ሐይቁ ግን ያስቆማል። በረዶው ሲጠነክር ሰው ይሄድበታል፤ በየካቲት ፈረስ ይጋልቡበታል፤ ይህ ውድድር ከ1907 ጀምሮ ያለ ነው። እናቴ ሰዎች ሐይቅ ላይ ሲንሸራሸሩ አይተው አማተቡ። «ጥምቀት እዚህ ቢሆን ካህኑ መጀመሪያ የሚባርኩት መጥረቢያውን ነው» አሉ።

መጨረሻ የሄድንበትን ቦታ የመረጡት አባቴ ናቸው። ከቤርኒና ስንመለስ ከባቡሩ መስኮት የበረዶ ሜዳ እያዩ ከብቶቹ የት እንዳሉ ጠየቁኝ። በጋ ተራራ ላይ ይውላሉ፣ በመስከረም ይወርዳሉ፣ ክረምቱን በረት ውስጥ ድርቆሽ ይበላሉ አልኳቸው። ቀጥለው የጠየቁት «ሜዳው የማን ነው?» የሚል ነበር። አባቴ ያደጉት ጓሳ አጠገብ ነው። ጓሳ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ የሣር ምድር ነው፤ ሕዝቡ ራሱ በመረጠው አለቃ እያስጠበቀ፣ ሣሩን ለዓመታት ከልክሎ በአንድ ቀን ለአጫጅ እየለቀቀ ለዘመናት ያቆየው። ቤቱ የሚከደነው፣ ገመዱ የሚገመደው፣ ገሳው የሚሠራው በዚያ ሣር ነው። ስለዚህ ስለ ቶርበል ነገርኳቸው። ቶርበል በቫሊስ ካንቶን ያለች መንደር ናት። በ1517 የተጻፈ ደንባቸው ማንም ሰው ክረምቱን ሊቀልባቸው ከሚችለው በላይ ላም ወደ ጋራው የግጦሽ መሬት እንዳይሰድ ይከለክላል። በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመችው ኤሊኖር ኦስትሮም በመጽሐፏ ምሳሌ ያደረገቻት መንደር ናት። «ማን ይቆጥራል?» አሉ አባቴ ወዲያው። መንደሩ የሚሾመው ሰው ነው፤ ደንብ የጣሰውን ይቀጣል፣ ከቅጣቱም ግማሹን ለራሱ ይወስድ ነበር አልኳቸው። ረጅም ጊዜ አሰቡ። «ግማሹን?» አሉ። «እንዲህ ከሆነ ያላጠፋውንም ይቀጣል።»

ወደ ቶርበል ለመሄድ ከዙሪክ ፊስፕ ድረስ ባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ በ2007 በተከፈተው 34 ኪሎ ሜትር በሚያልፈው የሎችበርግ ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ከዚያ ወዲያ ጠመዝማዛውን መንገድ የሚወጣው ቢጫው የፖስታ አውቶቡስ ነው፤ ኩርባው ላይ ሲደርስ ሦስት ድምፅ ያለው ጥሩምባ ይነፋል። ቶርበል ወደ 1500 ሜትር ላይ፣ ፀሐይ በሚመታው ተዳፋት ላይ ናት። ቤቶቹ ከግንድ የተሠሩና በፀሐይ የጠቆሩ ናቸው። ከነሱ መሀል እግር ያላቸው ጎተራዎች አሉ። በእያንዳንዱ የእንጨት እግር አናት ላይ እንጀራ የሚያህል ጠፍጣፋ ክብ ድንጋይ ተጋድሟል፤ ጎተራው ያረፈው ድንጋዮቹ ላይ ነው። ልገልጽላቸው አፌን ስከፍት አባቴ ከዘራቸውን ከድንጋዩ ሥር አሾልከው «ለአይጥ ነው!» አሉ። «እግሩን ይዛ ትወጣለች፤ እዚህ ስትደርስ መገልበጥ ያቅታታል።» እህሉ እንዴት እንደሚወጣ፣ መሰላሉ ሌሊት ይነሳ እንደሆነ፣ ድንጋዩን ማን ጠርቦ እንዳመጣው አከታትለው ጠየቁ፤ የማውቀውን መለስኩ። እናቴ ጎተራውን አንድ ዙር ዞረው አዩት፤ አንዱን ድንጋይ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«ይህን ሁሉ ከመድከም አንድ ድመት አይበቃም ነበር?» አሉ።

አባቴ መልስ ሊሰጡ ሲያቆበቁቡ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ከታች ተሰማ። ክርክሩን ተሳፍረው ቀጠሉት።